ቀስ እያለ ያለቀው አስጎብኚ

በጥቅምቷ ማርያም ከገነተ ማርያም ቅዳሴ ስወጣ፣ አስጎብኚው የኔሰው በሩ ላይ ተንበርክኮ ዐይናቸው ለደከመ አንዲት መነኩሲት የፕላስቲክ ጫማቸውን ሲያጠልቅላቸው አየሁ። ሌላ ሰው ቢሆን መርቄው አልፍ ነበር። የኔሰው ስለሆነ ግን መጀመሪያ በዐይኔ የፈለግሁት ካሜራ የያዘ ፈረንጅ ነው። አልነበረም።

ሃያ ዓመት ያህል አውቀዋለሁ። ፈረንጅ እንደ ጎርፍ በሚወርድበት ዘመን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ላሊበላ ላይ የአገሩን ሰው በትከሻው እየገፋ ያልፍ ነበር። ካህናቱን "እነዚህ" ይላቸዋል። እኔን ከገድልና ከታሪክ መጻሕፍቴ መካከል መዝገበ ቃላት ይዤ ብቻዬን እንግሊዝኛ ሳጠና አይቶ፣ "ጋሼ፣ ይህ እንኳ በመጽሐፍ አይመጣም" ብሎ ስቆብኛል።

ኋላ ጦርነቱ መጣ፤ እንግዳው ሳሳ። የኔሰው ያን ጊዜ "ድዊንድል" የሚል ቃል አገኘና ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ማንም ሳይጠይቀው ያስተምር ጀመር።

"ቀስ በቀስ መመናመን ማለት ነው። ግንብ ሲናድ አይባልም። ጧፍ ሲያልቅ፣ ምንጭ ሲደርቅ፣ የሰው ቁጥር ሲያንስ ነው የሚባለው። በየትኛው ቀን እንደጀመረ አይታወቅም።"

ቃሉን አሳምሮ ማስረዳቱን አልክድም፤ ስላስተማረኝ አመሰግነዋለሁ። የአስጎብኚዎች ማኅበራቸው ድዊንድል ሆነ ይላል፤ የካህናቱ ትምህርት፣ የእኔ ዐይን ሳይቀር። የገዛ ሸሚዙ አንገት ተበልቶ ማለቁን ግን አያይም።

ዘንድሮ ማኅበሩ፣ ፈረንጅ እስኪመለስ ለገና የሚመጡትን የአገራችንን ምእመናን የሚያስጎበኝ ሁሉ በካህናት ፊት በአማርኛ ይፈተን አለ። ሁለት ጊዜ የወደቀ ባጁን ያስረክባል። የኔሰው ደረቱን ነፍቶ ቀረበ። መሪጌታ ገብረ ዮሐንስ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ያለችው ቀዳዳ ምን እንደሆነች ጠየቁት።

"ንጉሡ በቅሏቸውን የሚያስሩባት ናት፣ የኔታ።"

"ቅኔ ማሕሌቱ ውስጥ?"

"ፈረንጆቹ ይወዷታል።"

"በቅሎዋ ቀኝ ጌታ ነበረች ወይስ ግራ ጌታ?"

ካህናቱ ሳቁ። ከዳር ተቀምጬ የማዳምጠው እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። መሪጌታ ለኅዳር ጽዮን ለሁለተኛው ፈተና ተዘጋጅቶ እንዲመጣ ነግረው አሰናበቱት።

ያ በሆነ በሳምንቱ ነው እንግዲህ ጫማ ሲያጠልቅ ያገኘሁት። መነኩሲቷን እስከ መንገዱ ደግፎ ሸኛቸውና ወደ እኔ መጣ።

"ዛሬ ደግሞ ምኑ ድዊንድል ሆነ?" አልሁት።

"እኔ ነኛ፣ ጋሼ" አለ። አልሳቀም። "ኅዳር ጽዮን ወር ነው የቀረው። ከዚህ ሌላ ሥራ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ከመጻሕፍትዎ ያስነብቡኝ። ሃያ ዓመት ያወራሁትን አንድ በአንድ ልንገርዎትና ውሸቱን እየለዩ ያውጡልኝ። እኔማ የትኛው እንደሆነ ጠፍቶኛል።"