የመጀመሪያዋ አማርኛ አትችልም ነበር

አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ስለ ሁለት ኮምፒውተሮች ማውራት ይወዳል። በወጣትነቱ የሠራበት መሥሪያ ቤት ከውጭ ያስመጣቸው፣ ያኔ «አይቢኤም ኮምፓቲብል» የሚባሉት ናቸው፤ ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ሥራ። የመጀመሪያዋ ሃርድ ዲስክ አልነበራትም። ሁለት ፍሎፒ ዲስክ ትጎርስና ጥቁር ስክሪኗ ላይ አረንጓዴ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ታወጣለች። ሁለተኛዋ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስትመጣ ሥዕል የሚያወጣ ካርድ ነበራት። ሥዕል ካወጣች ፊደሉንም እየሣለች ታወጣዋለች ብሎ አባቴ አማርኛ ሊያስጽፋት ተነሳ። ፋብሪካው ኮምፒውተር መሥራት ካቆመ ቆይቷል። አባቴ ግን ሲግናል ሰፈር ባለው ቤታችን ተቀምጦ ስለ እነሱ ሲያወራ ትናንት ከካርቶን የወጡ ይመስላሉ።

ታሪኩን ሁልጊዜ የሚያቆመው የመጀመሪያው የአማርኛ ደብዳቤ ከፕሪንተሩ ሲወጣ ነው። የቀረውን የሰማሁት ባለፈው ዓመት፣ እንጦጦ ራጉኤልን ልሳለም ብሎኝ በመኪናዬ የወሰድኩት ቀን ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ እዚያው አቅራቢያ የሚጠይቃቸው ሰው እንዳሉ ነገረኝ። የመሥሪያ ቤቱ የአማርኛ ታይፒስት ነበሩ። ለኮምፒውተሩ እንዲሆነው የታይፕ መጻፊያውን ፊደል ያስጠኑት እሳቸው ናቸው፤ የትኛው ቁልፍ እንደሚቀድም፣ ቅጥያው እንዴት እንደሚጨመርበት። የምሳ ሰዓታቸውን ትተው አጠገቡ ይቀመጡ ነበር። ኮምፒውተሩ አማርኛ መጻፍ ሲጀምር አለቃው፣ ማን ይቀመጥበት ብሎ አባቴን ጠየቀው። አባቴ ወጣቶቹ ቶሎ ይለምዱታል አለ። እሳቸው መጀመሪያ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ፣ ኋላም ቅነሳ ሲመጣ ከሥራ ወጡ። ከዚያ ወዲህ አይቷቸው አያውቅም። ቤታቸውን የጠቆመው በቅርቡ ለቅሶ ላይ ያገኘው የድሮ ባልደረባ ነው።

በሩን ራሳቸው ከፈቱ፤ አባቴን ወዲያው አወቁት። አስገብተውን ስለ ጤናው፣ ስለ እናቴ ጠየቁት። አባቴ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ መልሱን እንኳ ሳይጨርስ ወደ መጣበት ጉዳይ ገባ።

«እትዬ፣ ያኔ አለቃው ሲጠይቀኝ የእርስዎን ስም መጥራት ነበረብኝ» አላቸው።

«እኔ እኮ ያስተማርኩህ እዚያ ማሽን ላይ የምታስቀምጠኝ መስሎኝ ነው» አሉት።

አልተቆጡም። ሥራውስ አንድ ቀን መቅረቱ አይቀርም ነበር አሉ። የከነከናቸው፣ መዝገብ ቤት በነበሩበት ጊዜ ሁሉ አንዴ እንኳ ብቅ ብሎ እንዴት ዋሉ አለማለቱ ነው። አባቴ አፍሮ እንደቀረ ነገራቸው።

«አውቃለሁ» አሉት። «ለእኔ ግን ያው ነው።»

ይቅርታውን አልከለከሉትም፣ ሰጥቼሃለሁም አላሉም። ስንሰናበት ሌላ ጊዜ ብቻህን ና አሉት። አሁን አንዳንድ እሁድ ይሄዳል፤ ምን እንደሚያወሩ አይነግረኝም።

ቁልቁል ስንወርድ ማጽናናት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ የማስበው ግን ስለ ራሴ ሥራ ነበር። መገናኛ አካባቢ ባለ ድርጅት ፕሮግራመር ነኝ። ያን ሰሞን የምንሠራው ደንበኛ ሲደውል በሰው ፈንታ የሚመልስ ፕሮግራም ነበር። ለዚሁ ብዬ ስልክ ከሚያነሱት ልጆች አንዷ ጎን ወንበር ስቤ፣ የተናደደ ሰው እንዴት እንደምታበርድ ስጠይቃት ሰንብቼ ነበር። ደስ ብሏት ነበር የምታስረዳኝ። ለምን እንደምጠይቃት አልነገርኳትም።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ልጆቹ ሌላ ሥራ ይሠልጥኑ አልኩት፤ እናያለን አለኝ። ከዚያ ወደ እሷ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አውርዳ ሰማችኝ።

«እኛስ?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። ከዚያ ወዲያ የጠየቅኳትን ትመልስልኝ ነበር፣ አንድ ቃል ግን አትጨምርም። ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምር ከልጆቹ ሁለቱ ለሌላ ሥራ ሠልጥነው ድርጅቱ ውስጥ ቀሩ፤ እሷ ስሟ ከሠልጣኞቹ ዝርዝር ውስጥ እያለ ለቃ ሄደች። ስደውልላት ወሰን ሰፈር ባለው የአክስቷ ሱቅ እየሠራች እንደሆነ ነገረችኝ። እመጣለሁ አልኳት። ከቤታችን በመኪና ሩቅ አይደለም፤ እስካሁን ግን አልሄድኩም።