ዳክዬዋ ያለችበት ክፍል

የምሠራው ደብረ ታቦር፣ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። መጽሐፍ አውሳለሁ፣ የተዋሱትን እቀበላለሁ፣ ተማሪ ሲንጫጫ ጠረጴዛ እደበድባለሁ። ከመቀመጫዬ ፊት ለፊት «የሕፃናት ማቆያ» የሚል ሰሌዳ የተለጠፈበት በር አለ። በመስኮቱ ሲያዩት ግድግዳው ቢጫ ነው፤ ቢጫው ላይ ጫጩቶቿን አስከትላ የምትሄድ ዳክዬ ተስላለች። ሠዓሊው በዚህ ብርድ አገር ዳክዬ የት እንዳየ እግዜር ይወቅ። ቀለሙ ከተቀባ ሰንብቷል፣ ትንንሽ ወንበሮችም ገብተዋል። የጎደለው ሕፃን ብቻ ነበር።

ሕፃን ደግሞ እኔ ነበረኝ። የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ሥራ ስገባ ልጄ ገና መቀመጥ እንኳ አልቻለም። ባለቤቴ የሚያስተምረው ነፋስ መውጫ ነው፤ መንገድ ሲከፈት ይመጣል፣ ሲዘጋ በስልክ ይናፍቃል። እናቴ ጉና ሥር ናት። በጎቿንና ገብሷን ጥላ ከተማ የኪራይ ቤት ውስጥ እንድትቀመጥልኝ መጠየቅ አላስችል አለኝ። ልጁን የምትይዝልኝ ግቢያችን ውስጥ የተከራየች፣ ከሳውዲ የተመለሰች ወጣት ነበረች። «እዚያ ማዳሟ ሥራ ስትሄድ ልጇን የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ እዚህ ደግሞ አንቺ ማዳም ሆንሽብኝ!» እያለች ትስቅብኛለች። ፓስፖርቷን ግን እንደገና አውጥታለች፤ ልትመለስ ነው። እሷ ሳትሄድ ያ በር ካልተከፈተልኝ ወይ ሥራዬን እለቃለሁ ወይ ከልጄ እለያለሁ። ሌላ መንገድ አላየሁም።

በዚህ መሃል ስለ ሠራተኛው አብሮነትና ፍትሐዊነት ትልቅ ስብሰባ ተጠራ። መምህሩና የአስተዳደር ሠራተኛው ሻይ የሚጠጣው ለየብቻ፣ ሰርቪስ የሚሳፈረው ለየብቻ፣ የሚያዝነውና የሚደሰተውም ለየብቻ ሆኗልና ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ። ኮሚቴው ሞልቶ ሊያበቃ ሲል ከኋላ አንዱ «ሴት የለችበትም እኮ!» አለ። አዳራሹ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። «ልጅ አለብኝ፣ አልችልም» ልል ብድግ አልኩ። መነሳቴን እንደ እሺታ ቆጥረው አጨበጨቡ። እኛ ዘንድ የተጨበጨበለት ሰው እምቢ ካለ ወይ ኮርቷል ወይ አሳዳጊ በድሎታል ይባላል። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ሆኜ በሩን አስከፍታለሁ የሚል ተስፋም ሽው ብሎብኛል፣ አልዋሽም።

በሩ እውነትም ተከፈተ፤ ለኮሚቴው። ሌላ የመሰብሰቢያ ቦታ ጠፍቶ ነው አሉ። እነዚያ ትንንሽ ወንበሮች ላይ ተቀመጥን። ሰብሳቢያችን ከትምህርት ክፍል ኃላፊዎች አንዱ ነበር፤ ሁላችንም ዶክተር እንለዋለን። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፣ ግን እሱ «አንቺ» ይለኛል፣ እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ። ጉልበቱ አገጩ ሥር ደርሶ፣ ከዳክዬዋ በታች ኩርምት ብሎ ስለ እኩልነት ሲናገር ሳቄን የምዋጥበት አጣ ነበር። ጸሐፊ ያደረጉት እኔን ነው። ሻይ የማመጣውም እኔ ነበርኩ፤ ይህን ማንም አልመረጠኝም፣ በራሱ ጊዜ ሆነ።

ስብሰባው ከምሳ በኋላ ነው። ያ ደግሞ ባጃጅ ይዤ ቤት ሄጄ የማጠባበት ሰዓት ነበር። ሰዎቹ «አብሮነት» የሚለውን ቃል እያገላበጡ ሲከራከሩ ጡቴ ግትር ይልና ወተቱ ሹራቤን ማራስ ይጀምራል። ነጠላዬን እስባለሁ፣ ክንዴን አጣጥፌ እጫነዋለሁ። ልጄ በዚያ ሰዓት በሩን እያየ እንደሚያለቅስ አውቃለሁ። ብነሳ ስብሰባ ረግጣ ወጣች ልባል ነው፣ ብቀመጥ ደረቴ ሊፈነዳ ነው። እንዲህ ተይዤ አላውቅም።

አንድ ቀን አልቻልኩምና ተናገርኩ። «ዶክተር፣ ይኼ ክፍል እኮ የሕፃናት ነው።»

«ነው እንጂ እህቴ። ማን አይደለም አለ?»

«ታዲያ መቼ ነው የሚከፈተው?»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ልጄ ጥርስ ያወጣል» አልኩት።

ሳቁ። እሱም ከልቡ ሳቀ። ቢቆጣኝ ኖሮ መልሼ እቆጣ ነበር፤ ቁጣ አውቅበታለሁ። በሳቅና በ«እህቴ» ሲያስሩኝ ግን መፍቻውን አጣሁት። በዚያው ቀን ክፍሉ ሲከፈት ቅድሚያ ለመምህራን ልጆች እንዲሆን፣ ቦታ ከተረፈ ደግሞ የአስተዳደር ሠራተኛ ልጆች እንዲታዩ ተወሰነ። መምህር ክፍለ ጊዜው አይጠብቀውም የሚል ነበር ምክንያቱ። ቃለ ጉባኤውን በገዛ እጄ ጻፍኩት።

ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሉት ነገር በእኔ ደረሰ። ቤት ገብቼ ልጄን እያጠባሁ ለዩኒቨርሲቲው የበላይ ኃላፊ አቤቱታዬን አሰናዳሁ፤ በማግሥቱም አስገባሁት። የጠየቅሁት ክፍሉ እንዲከፈትና ልጆቻችን እኩል እንዲታዩ ብቻ ነበር።

መልሱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በእግሩ ቤቴ ድረስ መጣ። በሩ ላይ ሦስት ሰዎች ቆመዋል፦ የንስሐ አባቴ፣ የሠራተኞች እድራችን ዳኛ፣ በጡረታ የተገለሉት የጥበቃ አለቃ። መስቀል ተሳልሜ «ግቡ፣ አረፍ በሉ» አልኳቸው።

«አንቀመጥም» አሉ አባ። «የመጣንበትን እሺ ሳትይን አንቀመጥም።»

«ምነው አባቴ፣ በደህናዎ ነው?»

«ከኮሚቴው ሰብሳቢ ጋር ተጣልተሻል አሉ።»

«ኧረ አልተጣላሁም! ክፍል ነው የጠየቅሁ፤ ለልጆች ማቆያ።»

«ያልተጣላ ሰው ይካሰሳል?»

የእድሩ ዳኛ ተቀበሏቸው። «ተይ ልጄ፣ እሱም ወንድምሽ ነው። ነገር በወረቀት አያምርም። በሽማግሌ ሲያልቅ ነው ሸጋ የሚሆን።»

ይህን ሥርዓት አልንቀውም። የእናቴን ወንድሞች ከደም ያስታረቀ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ለእኔ የተላከው ያለ ቦታው ነበር። የእኔ ጠብ አልነበረም፤ ጥያቄ ነበር፤ ጥያቄ ይመለሳል እንጂ አይታረቅም። ይህን አባ እንዲረዱልኝ ከየት ልጀምር? ለእሳቸው የተነገራቸው ሁለት ሰዎች እንደተኳረፉ ብቻ ነው። አሮጌው ዘበኛ የሚያማቸውን ጉልበት በዱላቸው ደግፈው ቆመዋል። ጎረቤቶች በአጥር በኩል ያዩናል። ልጄ ከውስጥ ጡት ፈልጎ ያለቅሳል። ሽማግሌ በሩ ላይ አቁሞ የሚያሳድር ሰው በአገራችን ስሙ ምን እንደሚባል አውቃለሁ።

«እሺ» አልኩ። «ይቅር ብያለሁ።»

ያኔ ተቀመጡ። መረቁኝ፤ ልጁንም «ያሳድግልሽ» ብለው መረቁት። ምርቃታቸው የእውነት ነበር፣ ያም አናደደኝ። ሰኞ አቤቱታዬን መልሼ ወሰድኩ። ዶክተር ኮሪደሩ ላይ አግኝቶኝ «እንዲህ ነው እንጂ እህቴ!» ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

ልጄን የምትይዝልኝ ልጅ ወደ ሳውዲዋ ሄደች። ልሸኛት ስወጣ ልጄን ደጋግማ እየሳመች «እንግዲህ ማዳምነትሽ ቀረ!» ብላ ልታስቀኝ ሞከረች፤ አልሆነላትም፣ ተያይዘን አለቀስን። ሥራዬን ልተው ብዬ ነበር። የሁለታችን ደሞዝ ተገጣጥሞ ነው ኪራዩን የሚከፍለው፣ ባለቤቴም መንገድ ሲዘጋ ደሞዙ ራሱ ይዘገያል። ስለዚህ ጡቴን ሬት ቀባሁት። ልጄ አንዴ ቀምሶ ፊቱን አጨማዶ አየኝ፤ ደግሞ ቀመሰ፤ ከዚያ ምን አድርጌሽ ነው በሚል ዓይን ተመለከተኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በገሳይ መስመር በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አዝዬ ጉና ሥር አደረስኩት። እናቴ ተቀብላኝ «ባለጌ መሥሪያ ቤት!» አለች።

ክፍሉ ውሎ አድሮ ተመረቀ። የመምህራኑ ልጆች ገቡ፤ ቦታ አልተረፈም። በምረቃው ቀን እንግዶች መጡ፣ ሪባን ተቆረጠ። ፎቶ አንሺው «አንዲት እናት ከነልጇ» ብሎ ፈለገ።

«እሷ አለች አይደል!» አለ ዶክተር። «የኮሚቴያችን አባል፣ ራሷ እናት ናት። ልጅሽስ?»

«ጉና ነው ያለው።»

«ችግር የለም።» ከአንዲት መምህርት እቅፍ ሕፃን ተቀብሎ ክንዴ ላይ አኖረልኝ። መምህርቷ አፍራ መሬት መሬት ታያለች። ልጁ የእኔ ልጅ ያኔ ስንለያይ የነበረውን ያህል ነው፤ ክብደቱም እሱኑ። ትንሽ አየኝና ፊቱን ወደ ደረቴ አዙሮ በሹራቤ ላይ በአፉ መፈለግ ጀመረ። ምንም አልነበረኝም፤ ደርቄያለሁ።

«ፈገግ በይ እህቴ!» አሉኝ። ፈገግ አልኩ። አጨበጨቡ።

ፎቶው ትልቅ ሆኖ ታትሞ ከበሩ ጎን ተሰቅሏል፣ ልክ በእኔ ትይዩ። ተማሪዎች መጽሐፍ ሊመልሱ ሲመጡ ዞር ብለው ያዩታል። «ልጅሽ ነው? ቁርጥ አንቺን!» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን «አይደለም» እል ነበር። አሁን አመሰግናለሁ።