የመሮጫ ጫማ በቅርጫት ኳስ ሜዳ

ጫማ ሻጩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደንበኛውን «ለየትኛው ስፖርት ነው?» ሳይል ካርቶን ከፍቶ አያውቅም። አንድ ሸራ ጫማ ለሁሉም ጨዋታ ይበቃ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ የመጣ የሄደውን የጫማ ዓይነት ሁሉ ያውቃል። ለልጁ ግን፣ ትንሽ ሳለች ትሮጥ ስለነበር፣ ሳይጠይቅ ሶሉ ወፍራም የመሮጫ ጫማ ሰጣት።

ዛሬ እግሯ በጀሶ ታስሮ ተኝታለች። ቅርጫት ኳስ ስትጫወት ወፍራሙ ሶል ወደ ጎን ከዳትና ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ፤ ሐኪሙም ጨዋታውን እርሺው ብሏታል።

«የጫማ ሻጭ ልጅ ሆነሽ፣ በመሮጫ ጫማ ቅርጫት ኳስ?»

«አንተ የሰጠኸኝ ነዋ፣ አባዬ! ቅር እንዳይልህ ብዬ።»

«መጫወት ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ሁለት ዓመቴ።»

ለባዳ እግር ሁሉ ሲጨነቅ የኖረው ሰው አንገቱን ደፋ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤት ስትወጣ፣ አንድ ቀን እንኳ «ወዴት ነሽ?» ብሏት አያውቅም።