የወንዶቹ ክፍል ኮርኒስ

አክስቴ ተቀምጣ ስትበላ ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሳህኗን ይዛ መስኮቱ ጋ ትቆማለች፤ ጎርሳ መጋረጃ ታቃናለች፣ ሳትውጥ ጓዳ ትገባለች። ልብስ ሰፊው ባሏ ሽክርክሪት ይላት ነበር። «ሽክርክሪት፣ እባክሽ መብራቴን አትከልይኝ» ይላታል፣ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል። ስሙ ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰ። እሷም አልተቆጣችም፤ ለመቆጣት ቆም ማለት ያስፈልጋል።

መተዳደሪያዋ ጥንቸል ማዳቀል ነበር። ሥራዋን ለሚጠይቃት «ሙሽሮቹ የማይተያዩበት ሠርግ ሚዜ ነኝ» ትላለች። ተቀጥራ የምትሠራበት እርባታ ሲሚንቶ ወለል ያለው ረጅም ክፍል ነው፤ ሴቶቹ በሽቦ ሳጥን ተደርድረዋል፣ ወንዶቹ ከግድግዳው ማዶ ለብቻቸው ናቸው። ጠዋት የወንዶቹን ዘር በጠርሙስ ትቀበልና ሴቶቹን አንድ በአንድ ጭራቸውን ገልጣ ታያለች። የገረጣችውን ታልፋታለች፤ ቀላ ያለችው ዝግጁ ናት። ሴት ጥንቸል ወንድ ካልቀረባት እንቁላል አትለቅቅምና፣ ዘሩን ካስገባችላት በኋላ ጭኗ ላይ እንቁላሉን የሚያስለቅቅ መርፌ ትወጋታለች። ያ የማያርፍ እጇ እዚያ ሲገባ ጥበብ ይሆናል። ጥንቸሊቱ ለመደንገጥ እንኳ ጊዜ አታገኝም።

በዚያ ዓመት ግን ሴቶቹ ባዶ ሆኑ። ከተዳቀሉ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሆዳቸው ሲዳሰስ፣ በክር እንደተሰካ ዶቃ የሚንከባለል ነገር ጣት ላይ መምጣት ነበረበት። አልመጣም። በመጀመሪያው ዙር ባለ እርባታው ታገሣት። በሁለተኛው ሜትር ይዞ መጣና የክፍሉን ርዝመት ለካ።

«እትዬ፣ የሚቀጥለውም እንዲህ ከሆነ ጥንቸሎቹን ሸጬ ክፍሉን የጣውላ መጋዘን አደርገዋለሁ።»

«እኔስ?»

«አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ።»

ከዚህ የከፋ ነገር ሊላት አይችልም ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ሌላ ሥራ አታውቅም።

በዚያ ሳምንት ያልነካችው ነገር የለም። የብርሃኑ ሰዓት እንዲረዝም አምፖል ጨመረች። ከቀደመው ወሊድ ገና የሚያጠቡትን እናቶች ፍላጎታቸው ይነሣ ብላ ለአንድ ቀን ከልጆቻቸው ለየች። ዘሩን የምታቀጥንበትን ፈሳሽ ለወጠች። እንዳይበርደው ብላ ጠርሙሱን ደረቷ ውስጥ ሸጎጠች፤ ሙቀቱ ዕድሜውን ያሳጥረዋል ሲሏት ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችው።

«ሁሉንም ባንዴ ከቀየርሽ የትኛው እንደበጀ በምን ታውቂያለሽ?» አላት ባሏ። «እኔ ሱሪ ሲጠብ ወገቡንም ጭኑንም አንድ ላይ አልፈታም።»

«ጥንቸል ሱሪ አይደለም።»

«እሱስ ልክ ነሽ፤ ሱሪ እስክጨርስ ይጠብቀኛል።»

በመጨረሻ የእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ሄደች፤ እኔም ዕቃ ይዤላት አብሬ ነበርኩ። ሐኪሟ የዘሩን ጠብታ ማይክሮስኮፕ ስር አድርጋ ረጅም ጊዜ ተመለከተች። አክስቴ ይህን ጊዜ የጠረጴዛውን ብልቃጦች በቁመታቸው ትደረድራለች።

«እትዬ፣ እጅዎን ይሰብስቡልኝ እስቲ። ዘሩ ደካማ ነው። ብዙው አይንቀሳቀስም፤ ጭራው የተቆለመመም አለ። ወንዶቹን ሙቀት ያገኛቸው ይመስላል።»

«የምን ሙቀት? ብርድ እኮ ነው ልጄ። እኔ ራሴ ሹራብ ደርቤ ነው የመጣሁት።»

«የዛሬውን አላልኩም። ወንድ ጥንቸል ዘሩን ሠርቶ እስኪጨርስ ሁለት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ዛሬ የምናየው ያኔ የተጎዳውን ነው። ያኔ ወንዶቹ ምን ደርሶባቸው ነበር?»

የአክስቴ እጅ አንዱ ብልቃጥ ላይ ቀረ።

በበጋው፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን በምታግልበት ሰሞን፣ የወንዶቹን ክፍል ኮርኒስ ያስነሣችው እሷ ነበረች። ከላይ የአይጦች ኮቴ እየሰማች ቀልቧ አልሰበሰብ ብሏት ነው። አናጢው ሙቀቱ ይለፍ ቢላት ዛሬውኑ አለችው። አዲሱ ጣውላ ደግሞ ዘገየ። ወንዶቹ በባዶ ቆርቆሮ ስር ጆሯቸው ቀልቶ፣ ሆዳቸውን ሲሚንቶ ላይ አስጥተው እያለከለኩ ሰነበቱ። ከዚያ ኮርኒሱ ተመለሰ፣ ዝናብ መጣ፣ ሁላችንም ረሳነው።

«መድኃኒቱስ?» አለቻት አክስቴ።

«ሙቀቱ አልፏል። አዲስ ዘር እስኪሠሩ መጠበቅ ነው። እስከዚያ ሴቶቹን በከንቱ አይነካኩ።»

«መጠበቅ ብቻ?»

«መጠበቅ ብቻ።»

ከዚያ በቀጥታ ባለ እርባታው ዘንድ ሄደች። ኮርኒሱን ያስነሣሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእንስሳቱ አይደለምና ጊዜ ስጠኝ አለችው። አገጩን እያሻሸ አያት።

«አንቺ ነሽ የምትጠብቂው?» ሣቁን መቆጣጠር አቃተው። «እሺ፤ አንቺ ከጠበቅሽ እኔም እጠብቃለሁ። ገብተሽ አንዱን ስትነካኪ ካየሁሽ ግን በማግስቱ ገዢ አመጣለሁ።»

የክፍሉን ቁልፍ አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት፤ ራሷን አላመነችም።

የዚያን ጊዜውን ቤት ምን ብዬ ልንገራችሁ? ንጹሕ መጋረጃ ታጠበ። ተሰፍቶ ያለቀ ሱሪ እንደገና እንዲሰፋ ተተረተረ። ባሏ መቀሱን በኪሱ ይዞ ይዞር ጀመር። እርባታው በር ድረስ ትሄድና ሳትገባ ትመለሳለች። ዛሬም ከግድግዳ ማዶ የነጠላ ጫማ ድምፅ ስሰማ እሷ ትመስለኛለች፤ ከሞተች ብዙ ዓመቷ ቢሆንም።

ከሳምንታት በኋላ ሐኪሟ ሁለተኛውን ጠብታ አይታ «ይርመሰመሳሉ» ስትል ቁልፉ ተመለሰላትና አዳቀለች። መዳሰሻው ቀን ደረሰ። ባለ እርባታው ሜትሩን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። አክስቴ የመጀመሪያዋን አውጥታ መዳፏን በጥንቸሊቱ ሆድ ስር አስገባች።

«እህ?» አላት።

«ቆይ።»

ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ጣቶቿ የሚንቀሳቀሱ አይመስሉም።

«አሉ» አለች።

ሁለተኛዋ ባዶ ነበረች። ሦስተኛዋ ላይ፣ አራተኛዋ ላይ አሉ። ባለ እርባታው እስከ መጨረሻው ሳጥን አልቆየም፤ ሜትሩን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

አክስቴ የመጨረሻውን ሳጥን ዘጋችና ወደ ላይ አንጋጠጠች።

«ይሄ ኮርኒስ ግን ቀለም ቢቀባ አይሻልም?»

ማታ ለባሏ ነገርኩት። የቀለም ብሩሹን ፈልጎ የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት።