የኦቦ ነገራ ኖራ

ባለፈው ሳምንት አሮጌው ባቡር ጣቢያ ገብቼ አፍንጫዬን በሻርፔ ያዝኩ። የሽንት ሽታ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር፤ ከተማችን አስለምዳናለች። ይኼ ግን በዘይት ቀለም ታፍኖ የሻገተ ግድግዳ ሽታ ነው። ቢጫው ቀለም እንደ ቁስል ቅርፊት እየተነሳ ይረግፋል። ከዚያ ሁሉ ውብ ቅስት ስር አንዱ ቀበቶውን ፈትቶ ቆሟል። አቅለሸለሸኝ። ወዲያው ኦቦ ነገራ ትዝ አሉኝ፤ ያኔ ደግሞ የገዛ ራሴ ነገር ይበልጥ አቅለሸለሸኝ።

ኦቦ ነገራ ሰበታ አንድ ግቢ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ዕድሜያቸውን የዚያን ጣቢያ ግድግዳ፣ በርና ሰዓት ሲንከባከቡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የነሐስ ቁልፎች ያሉት ሰማያዊ የሥራ ኮታቸውን እሑድ እሑድ ይለብሱታል። ግቢያችን ጥግ ላይ ቆርቆሮ የተከደነ በርሜል ነበራቸው፤ ውስጡ ውሃ የተኛበት ኖራ ነው። በቆየ ቁጥር ይበስላል ይላሉ። ቆንጠር አድርገው መዳፌ ላይ ሲያኖሩልኝ እንደ ቅቤ ይለሰልስ ነበር። ድንጋይ ይተነፍሳል፣ ኖራ ትንፋሹን አይዘጋበትም፣ የዘይት ቀለም ግን አፍኖ ይገድለዋል፤ ይህን እንደ ሃይማኖት ነው ያስተማሩኝ።

ጣቢያው ሊታደስ ነው ሲባል ሄደው አዩ። የዘይት ቀለም በጣሳ ተደርድሯል። ለመኑ። የሥራው ኃላፊ፣ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን ጎረምሳ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ እስከ ሰኞ ኖራህን ካመጣህ እናየዋለን፤ አለዚያ ቀለሙ ይጀመራል» አላቸው። አንተ ብሎ!

ያ ሰሞን የገበሬውን መሬት ለከተማ ይወስዳል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ የተነሳበት ነበር። እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። ትምህርት ቆሟል፣ ሚኒባስ የለም፣ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ቀያሾች የብዙዎቻችን ቤተሰብ ማሳ ላይ በኖራ ነጭ መስመር አስምረው ሄደዋል። ለእኛ ኖራ ማለት ያ መስመር ነበር፤ ከመስመሩ ወዲያ ያለው መሬት የአባትህ አይደለም።

ሰኞ ጠዋት ኦቦ ነገራ ኮታቸውን ለብሰው፣ ኖራውን በሁለት ጀሪካን አህያ ላይ ጭነው በእግር ተነሱ። አለም ገና ላይ መንገዱን የዘጋነው ተማሪዎች አስቆምናቸው።

«ምንድነው የጫኑት?» አላቸው አንዱ።

«ኖራ ነው ልጆቼ። ለባቡር ጣቢያው።»

«ውሸት ነው! የቀያሾቹ ነው!»

«ዲሳ ኢጆሌ! ተዉ እንጂ ልጆች! የእኔም መሬት እኮ ተሰምሮበታል።» ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ፊታቸው በራ። «ይቺ ልጅ ታውቀኛለች። ጠይቋት።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። በርሜሉን አውቃለሁ፣ ጣቢያውን አውቃለሁ፣ የሰኞውንም ነገር አውቃለሁ። ግን የቀያሽ ወገን እንዳልባል ፈራሁ።

«አላውቃቸውም» አልኩ።

ልጆቹ ጀሪካኖቹን አስፋልት ላይ ደፏቸው። ኦቦ ነገራ አልተሳደቡም። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ሊያፍሱት ሞከሩ፤ ከተቃጠለው ጎማ አመድ ጋር ተቀላቅሎ ጭቃ ሲሆንባቸው ተዉት። እጃቸውን በዚያ ኮት ጠርገው አህያቸውን አዞሩ። ጣቢያው በዚያው ሳምንት ቢጫ ሆነ።

ከዚያም በኋላ ግቢ ውስጥ ሲያገኙኝ እንደ ድሮው «አከም ጅርታ?» እያሉ ደህንነቴን ይጠይቁኝ ነበር። ምነው በሰደቡኝ! ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ሞቱ።

ባለፈው ሳምንት ከጣቢያው ከመውጣቴ በፊት ቢጫውን በጥፍሬ ፋቅ አደረግኩት። መዳፍ የሚያህል ቅርፊት ወደቀ። ከስሩ የእሳቸው የድሮ ኖራ ነጭ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

በርሜሉ አሁንም ግቢያችን አለ፤ እስከ ግማሹ ድረስ ኖራ ቀርቶበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃ እጨምርበታለሁ። አዲሷ ተከራያችን ከትናንት በስቲያ አይታኝ «የማን ነው?» አለች።

«የኦቦ ነገራ» አልኳት።

«ታውቂያቸው ነበር?»

«አዎ» አልኩ። «አውቃቸው ነበር።»