ከእናቴ እግር በታች የተነጠፈው ጣውላ

ወሬው የደረሰኝ ጅማ ነው፤ ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ከተደረደረው ጫማ መካከል የራሴን ስፈልግ። ቡና ወደ ሰሜን የሚያመላልስ አንድ የጎንደር ነጋዴ ከኋላዬ ቆሞ «እናትሽ አልፎላታል» አለኝ። «ወንድምሽ ምድር ቤቱን ጣውላ እያለበሰላት ነው። እንደ ጣሊያን ሹም በእንጨት ላይ ልትረማመድ ነው።» ደስ አለኝና መረቅሁት። እሱ ግን አልሄደም። ጫማዬን እስካጠልቅ ጠብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንጨቱ የደብር ጥድ ነው ይባላል። እኔ እንኳ አላየሁም» አለኝ።

የጎዳኝ «አላየሁም» ማለቱ ነው። ውሸታም ቢሆን አየሁ ይለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ቤታችን ጎንደር ከተማ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ ቤት ነበር። ወደ ላይኛው ክፍል በደረጃ ይወጣል፤ ታችኛው ግማሽ ጎኑ መሬት ውስጥ የገባ ምድር ቤት ነው፣ ወለሉ ድፍን ሲሚንቶ። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴን ቁርጥማት ያዛት፣ ደረጃው አቃታት፣ አልጋዋን ምድር ቤት አወረዱላት። ያ ሲሚንቶ በበጋ እንኳ እንደ ምንጭ ዳር ድንጋይ ይቀዘቅዛል። በየክረምቱ እግሯ እንደሚያብጥ በደብዳቤ እሰማ ነበር። እኔ በባሌ ሥራ ምክንያት ጅማ ተቀምጬ ከማልቀስ በቀር ያደረግሁላት ነገር የለም። ስለዚህ የጣውላው ነገር ሸጋ ነበር፣ የደብር ባይባል።

በእኛ አገር የደብር ዛፍ አይነካም። ነፋስ የጣለው እንኳ ወይ ለቤተ ልሔም ማገዶ ወይ ለቤተ ክርስቲያኑ ለራሱ ማገር ይሆናል እንጂ የሰው ደጅ አይደርስም። የደብር እንጨት የገባበት ቤት ሬሳ ሳይወጣበት ዓመት አይሞላውም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። በዚያ ቤት ደግሞ ለሞት የቀረበ ሰው እናቴ ብቻ ነበረች።

ፋሲካን ውዬ በጭነት ማኪና ተሳፈርኩ።

ስደርስ ሥራው ተጋምሷል። የአልጋዋ ወገን ተነጥፎ አልቋል፤ የበሩ ወገን ገና ባዶ ሲሚንቶ ነው። አናጢው ከጭልጋ በኩል የመጣ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነበር። እኔ ከፊቱ በፊት ያየሁት አንገቱን ነው፤ ማተቡ አለ። ባዶው ሲሚንቶ ላይ የቆርቆሮ ሳህን ደፍቶ ዙሪያውን በጭቃ መርጎታል።

«ይህ ምንድን ነው፣ አያ?» አልኩት።

«ሁለት ቀን ይቆያል፣ እሜቴ። ከዚያ አነሣዋለሁ።»

«አንሥተውስ?»

«ምን እንዳለበት አያለሁ።»

ሳህን ደፍቶ የሚጠብቅ ሰው ሲወራ የሰማሁት በጠንቋይ ነገር ብቻ ነው። ጥግ ይዤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። በሁለተኛው ቀን ጭቃውን ፈቅፍቆ ሳህኑን ሲገለብጠው ውስጡ በውሃ ጠብታ ተሞልቷል። «አዩልኝ?» አለ። «ሲሚንቶ ያልበዋል። ይህን ሳያውቅ የቸነከረ ሰው ሻጋታ ነው የሚያነጥፈው።» ሲሚንቶውን ካትራሜ የሚሉትን ጥቁር ሬንጅ ቀባው፤ ሲደርቅ ጣውላውን የሚሸከመውን እንጨት፣ ሞራሌውን፣ በክንድ በክንድ ርቀት አጋደመ፤ በውሃ ልክ እያየ ዝቅ ባለው በኩል ስንጥር ጎሰጎሰበት፤ ጣውላውን በዚያ ላይ ይመታ ጀመር። ከግድግዳው ጋር ግን አላገናኘውም፤ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወ።

«ምነው አጎደሉት? እንጨቱ አነሰ?»

«ጣውላ በክረምት ይወፍራል። ቦታ ካልተውንለት ሆዱን ነፍቶ ይነሣል።»

እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና «እንደ ወንድምሽ ነዋ» አለች። «ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ቀበቶው አይደርስም።» ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አፍንጫዬ ጣውላው ላይ ነበር፤ ጥድ ነው፣ አሮጌ ጥድ።

ማታ ራት ላይ ወንድሜን ጠየቅሁት። «ጣውላው ከየት ነው?»

«ከአዘዞ። የጣሊያን ሰፈር ሲፈርስ።»

በማግስቱ ማን እንዳመጣው ጠየቅሁት። የድብ ባሕር ሰዎች በበቅሎ ጭነው፣ አለ።

«የድብ ባሕር ሰው ምን ሲል ከአዘዞ ይጭናል? አንዱ ከጎንደር በላይ፣ አንዱ ከጎንደር በታች።»

«እህል ሊሸጡ መጥተው፣ አራግፈው በቅሎው ባዶ ነበራ። ደግሞ እታለም፣ እኔ ዳኛ ፊት ነው እንዴ የቆምኩት?»

መልሱ ልክ ይመስላል። ግን ትናንት ስለ በቅሎ አላነሣም፣ ሲጠየቅ ነው ያስታወሰው። በዚያን ቀን ገና ካልተመታው ክምር አንዱን ጣውላ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ጣት የምታህል ቀይ ቀለም ነበረች። በጥፍሬ ፋቅኋት፤ አልለቀቀችም። ወንድሜ «ጣሊያን ቀለም የማይቀባው ነገር አለ?» አለ። እኔ ያየሁት የቅዱሳንን ሥዕል ጠርዝ ነው።

«አያ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

አናጢው መዶሻውን አስቀመጠ። «እኔ የማውቀው ምስጥ እንደማይደፍረው ነው። ያመጣው ወንድምዎ፣ የምቸነክረው እኔ።»

የንስሐ አባታችንን አስጠራሁ። ቄሱ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ ባዶው ሲሚንቶ ላይ እንደቆሙ እናቴን በሩቁ ባረኩ እንጂ ጣውላውን አልረገጡትም። ዘንቦ ስለነበር እግራቸው ጭቃ ነበር። ዛሬ ሳስበው ለዚያ ይሆናል እላለሁ። ያን ጊዜ ግን ምልክት አድርጌ ወሰድኩት።

«ልጄ» አሉ፣ «ሳላይ ከደብር ነው ብል ሐሰት ነው፣ አይደለም ብልም ሐሰት ነው። ምስክር ካለሽ አምጪ። ከሌለሽ የእናትሽንም እግር አስቢ።»

እናቴ እጄን ያዘች። «ተይኝ እቴ። ከተነጠፈ ወዲህ እግሬ ሸጋ ነው። ማልጄ ሳወርደው አያስጮኸኝም።»

«ነፍስሽስ፣ እምዬ?»

«ነፍሴን ለሰጠኝ እመልሳለሁ። አንቺ እግሬን ተይልኝ።»

አልተውኩም። አባት በሌለበት ቤት ታላቅ እኔ ነበርኩ፣ ቃሌ ይሰማ ነበር። ነጋዴው ያለኝን ነግሬ ይነቀል አልኩ። ወንድሜ ኮቱን እያነሣ «ምስክርሽ ማን ነው? አላየሁም ያለሽ የቡና ነጋዴ?» ብሎ ወጣ፤ ሦስት ቀን ቤት አልበላም። አናጢው ምስማሩን አንድ በአንድ እየነቀለ፣ የተጣመመውን በድንጋይ ላይ እያቃና በጣሳ ሰበሰበ።

«ሲነቀል ይሰነጠቃል፣ እሜቴ። ቢመለስ እንደ ፊቱ አይሆንም።»

«አይመለስም» አልኩት።

ሲሚንቶው ላይ ጭድ ጎዝጉዤ፣ ቁርበት ደርቤ፣ መንገድ ሳይዘጋ ብዬ በሰኔ መግቢያ ተመለስኩ። እናቴ ስሰናበታት እኔን አልወቀሰችም፣ «ካልሲ ላኪልኝ» ብቻ አለች። ሁለት ላክሁላት። መስከረም ሲጠባ የወንድሜ ደብዳቤ መጣ፤ ከነሐሴ ጀምሮ መቆም አቅቷታል ይላል፣ ሌላ ነገር የለውም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ዐረፈች። ጎረቤቱ ሁሉ የደብር እንጨት ገብቶ ስለነበር ነው አለ። እኔም ለጥቂት ጊዜ እንደዚያው እያልኩ ተጽናናሁ።

ለአርባዋ ሄጄ ወንድሜን እንደገና ጠየቅሁት። «አሁን ብነግርሽ ምን ታደርጊበታለሽ?» አለኝ። አልነገረኝም። ዛሬ እሱም የለም፤ ቄሱም የሉም። ነጋዴውን ጅማ ሁለት ጊዜ አግኝቼው ነበር። አንድ ጊዜ ፀዳ ከምትባል መንደር ሰው ሰማሁ አለኝ፣ ሌላ ጊዜ እንዲያ ማለቱንም ረሳው።

እኔ ለንስሐ አባቴ የማቀርበው ኃጢአት የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ አርጅቻለሁ። የደብር እንጨት በቤታችን ገብቶ ከሆነ ለወንድሜ ነፍስ የምጸልየው ጸሎት አለ። ካልሆነም እናቴን ከሙቀት ወደ ሲሚንቶ ያወረድኳት እኔ ነኝ፤ የምቀበለው ቀኖና ሌላ ነው።

ስለዚህ በዚያ በጋ ከአዘዞም ይሁን ከሌላ ቦታ አሮጌ የጥድ ጣውላ በበቅሎ ጭናችሁ፣ ጎንደር ቁልቁለቱ ላይ ካለው የጣሊያን ቤት ያራገፋችሁ የድብ ባሕር ሰዎች፣ ወይም ልጆቻችሁ፣ ከዚያ ጭነት ጋር የነበራችሁ ሁሉ፦ ከየት እንዳነሣችሁት ንገሩኝ። ከየትም ቢሆን አልወቅሳችሁም። አይታችሁ ከሆነ አየን በሉኝ፤ ሰምታችሁ ብቻ ከሆነ ግን፣ እባካችሁ፣ ተዉት።