ባሮ የወሰደው ገጽ

የጋምቤላ ክልል ያኔ ገና ልጅ ነበር። ቢሮዎቹ ቀለም ቀለም ይሸታሉ፤ ወረቀት የያዘ ሰው ሁሉ ዛሬ ነገ እቀጠራለሁ ይላል። እኔ የአንድ ሆቴል አንሶላ ባሮ ወንዝ እየወረድኩ አጥባለሁ። ልጄ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ አንዱ ቢሮ የከፈተውን የኮምፒውተር ሥልጠና ትከታተላለች። ማሽኑ ሁለት፣ ተማሪው ብዙ ስለሆነ፣ ማሽን ላይ የሚጽፉትን ቀድመው በደብተር ጽፈው ነው የሚሄዱት።

ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ከተማውን ሲያስተኛው፣ እሷ ማንጎው ሥር ሰሌን ላይ በሆዷ ተኝታ ትጽፋለች። እኔ አንሶላ እያጣጠፍኩ አያታለሁ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት የአማርኛውን ፊደል ነው፤ የሷ ጽሑፍ ግን እንግሊዝኛ፣ በመሃል በመሃሉ ደግሞ የቀስት ጫፍ የመሰለ ምልክት አለበት።

«ይሄ ይከፍታል፣ ይሄ ይዘጋል» ትለኛለች። «በመሃል ያለውን ጽሑፍ ርዕስ አድርገው፣ አድምቀው እያሉ ለማሽኑ የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ራሳቸው ግን አይታዩም።»

«እንደ ሠርግ ቤት ሴቶች ናቸዋ» አልኳት። «ሁሉን ያሰናዳሉ፣ ፎቶው ላይ የሉም።»

ሳቀች። «መምህሬ እንዲህ ቢያስረዳን ድሮ ይገባን ነበር» አለች።

አንድ ቀን ደግሞ ዓይኗ እያበራ መጣች። «ዛሬ ስለ ኢንተርኔት ፍለጋ አስተማሩን፣ እማ። አንድ ቃል ትጽፊያለሽ፤ ያ ቃል ያለበትን ገጽ ከየአገሩ ያመጣልሻል።»

«የት እንዳለ በምን ያውቃል?»

«ቀድሞ ዞሮ መዝግቦታላ። ማሽን ነው። ከገጽ ወደ ገጽ እየሄደ፣ ምን ቃል የት እንዳየ ይጽፋል። አይደክመው፣ አይተኛ።»

ከዚያ ወዲያ ያ መዝጋቢ ከሐሳቤ አልወጣም። አንሶላውን ባሮ ላይ ስዘረጋው፣ ነጩ ጨርቅ በውሃው ሲነፋ፣ በላዩ ሲሄድ የማየው ይመስለኛል። እግር የለው፣ ጥላ የለው፤ እያጎነበሰ ቃል ይለቅማል፣ ቀና ይላል፣ ደግሞ ያጎነብሳል። አንሶላው እስኪሰምጥ ድረስ ቆሜ አየዋለሁ።

መዝጋቢ አውቃለሁ እኮ። ወሎ ሳለን፣ በድርቁ ጊዜ፣ ደብተር የያዘ ሰው መጣ። ስም ሲጠይቀን እህል ሊሰጠን መስሎን ሰጠነው። ታናሽ እህቴ ውሃ ወርዳ ስለነበር አልተጻፈችም። በሳምንቱ መኪናው መጣ። ያን ቀንም ምንጭ ወርዳ ነበር። የተጻፍነውን ለሠፈራ ጫኑን፤ እሷ ቀረች። ጋምቤላ ያመጣኝ ያ መኪና ነው። ባሌን አፈር ያለበስኩትም፣ ወባ ገድሎት፣ እዚያው ሠፈራው መንደር ነው። እስከ ዛሬ ስም የሚጽፍ ሰው ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ።

«ደብተሩ ላይ የምትጽፊው ስለ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ስላንቺ።» ቀና እንኳ አላለችም። «ስለ ቤተሰባችሁ አንድ ገጽ ሠርታችሁ ዓርብ አምጡ ተብለናል። ፈተናው እሱ ነው፤ ያለፈውን ቢሮው ይቀጥረዋል። አገርሽን፣ ስምሽን፣ የአክስቴን ስም፣ የነገርሽኝን ሁሉ አስገብቻለሁ።»

«ስሜ የቱ ጋ ነው?»

በእርሳሷ ጫፍ ነካችልኝ። ትንሽ ነው፤ ጉንዳን ያህላል።

በማግስቱ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ያንን ገጽ ከደብተሯ ገነጠልኩት። አንሶላ ውስጥ ጠቅልዬ ባሮ ወረድኩና ለቀቅሁት። ወረቀቱ ትንሽ እንደ ማመንታት ብሎ ዞረ፣ ከዚያ ወንዙ ይዞት ሄደ። እፎይ ያልኩት ለጥቂት ጊዜ ነው። ባሮ የሚሄደው ወደ ሱዳን ነው፤ እዚያስ አንስቶ የሚያነብ ቢኖር ብዬ ደግሞ ፈራሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ደብተሯን ገለጠች። መልሳ ገለጠች። ሰሌኑን አነሳች። ያን ጊዜ ነገርኳት።

ሰሌኑን ከእጇ ጣለችው። «እማ፣ ከማሽን ልትደብቂኝ ለአዞ ሰጠሽኝ?»

«አንቺን አይደለም። ስማችንን ነው።»

«ነገ ማሽኑ ላይ ያለችኝ አንድ ሰዓት ናት። ባዶ እጄን ከሄድኩ ወረፋዬን ለሌላ ይሰጡታል፤ ሥራውም በዚያው ቀረ።» ዓይኗ ሞላ፤ ግን አልተቆጣችኝም። እሱ ባሰብኝ።

«መዝጋቢውን ፈርቼ ነው።»

«እሱ ሊወስድሽ አይደለም የሚመዘግበው። ፈልጎ ለሚጠይቀው ሊያሳይ ነው።»

«እኔን ማን ይፈልገኛል?»

«እሱንማ አንቺ ታውቂያለሽ» አለች።

ማንጎው ሥር ነፋስ አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት የኔን መጫን እንጂ የእህቴን መመለስ አስቤው አላውቅም ነበር። እንስራዋን አዝላ ትመጣለች። በሩ ክፍት ነው። ውሃው ከጀርባዋ ይንጠባጠባል። ማን ብላ ተጣራች?

«ጻፊ» አልኳት። የምንጩን ነገርኳት፣ የቤቱን በር፣ የእህቴን ጠባሳ ግንባሯ ላይ ያለውን፤ ያልነገርኳትንም ጭምር። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጻፈች፣ እየተጣደፈች፣ ምልክቶቿን ሳታይ።

ዓርብ ተከትያት ሄድኩ። ቢሮው መስኮት ሥር፣ ኒም ዛፉ ጥላ ውስጥ ተቀመጥኩ። ጄኔሬተሩ ያጓራል፤ ሕልም ውስጥ ሆኜ የምሰማው ይመስል ነበር። ሰዓቷ ሊያልቅ ሲል ሳቅ ሰማሁ። መምህሩ፣ ረጅም የአገሩ ልጅ፣ በመስኮቱ ብቅ አለ።

«እናቴ፣ ነይ ግቢ። ማሽን አይናከስም።»

ገባሁ። ልጄ ፊቷ ቀልቷል። የማሽኑ መስታወት ላይ የተጻፈው ፊደል እያንዳንዱ ጡጫ ያህላል። «ይሄ ስምሽ ነው» አለች። አንዷን ምልክት ሳትዘጋት ቀርታ፣ ከስሜ ጀምሮ ያለው፣ እህቴም፣ ምንጩም፣ በሩም፣ ሁሉ ርዕስ ሆኗል።

«ወደቀች እንዴ መምህር?»

«አሁን እናያለን» አለ። «ስህተቱን ራሷ ካገኘች አልፋለች።»

ልጄ አጎነበሰች። ከመስመር መስመር በጣቷ ሄደች። አንድ ቦታ ቆመች፣ ነካ ነካ አደረገች፤ ፊደሉ ሁሉ እንደ ሰከነ ውሃ ዝቅ አለ።

«አለፈች» አለና መምህሩ ጠፍጣፋ ዲስክ ከኪሱ አወጣ። «ለሥራ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ቤተሰብ ከፈቀደ እዚያ ኢንተርኔት ላይ፣ ሰው ሁሉ ፈልጎ የሚያይበት ቦታ አስቀምጠዋለሁ። ካልፈቀደም እዚሁ ይቀራል።»

ሁለቱም እኔን አዩኝ።

«እህቴ ፊደል አታውቅም» አልኩት።

«ልጅ ይኖራታል» አለ። «ልጅ ደግሞ ይማራል።»

መስታወቱ ላይ ያለውን ስሜን በጣቴ ነካሁት። «ውሰደው» አልኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ ኋላ እዞር ነበር። ልጄ ክንዴን ይዛ፣ እኔ ስቆም እየቆመች፣ ምን ሆነሽ ሳትለኝ ሄደች።